ለመጥለቅ ስወጣ ጀልባዬን እንዴት እንደማስር

በራሴ ጀልባ ለመጥለቅ ስወጣ፣ ማሰሪያ ተንሳፋፊ (ከባሕሩ ወለል ጋር በገመድ የተያያዘ፣ ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ) ያለበት ቦታ ላይ መልህቅ አልጥልም። ባሕር ወለል ላይ ዓለት መስሎ የሚታየው ኮራል ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ እድገቱም በጣም አዝጋሚ ነው። የተጎተተ መልህቅና ሰንሰለቱ የብዙ ዓመት እድገቱን በአንዴ ያደቅቁታል። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኪ ላርጎ ላይ፣ የባሕር ባዮሎጂስቱ ጆን ሃላስ እ.ኤ.አ. በ1981 የባሕሩን ወለል ዓለት በስቶ የብረት ማሰሪያ በሲሚንቶ የተከለው ይህንን ጉዳት ለማስቀረት ነበር።

ወደ ተንሳፋፊው የምጠጋው ጀልባዋን ይበልጥ የሚገፋትን፣ ነፋሱን ወይም የውሃውን ፍሰት፣ ፊት ለፊት ይዤ ነው። ቀስ ብዬ። ጓደኛዬ ከፊት ሆኖ ገመዱን በመንጠቆ ሲይዝ ሞተሩን ከማርሽ አወጣለሁ። ከተንሳፋፊው የመጣውን ገመድ ግን በቀጥታ ጀልባው ላይ አናስርም። የራሳችንን ገመድ በእሱ ጫፍ ባለው ቀለበት አሳልፈን ሁለቱንም ጫፍ ከፊት እናስራለን። ከኋላ ማሰር ለመውረድ ይመቻል፣ ግን ማዕበል ሲመጣ ውሃው ጀልባው ውስጥ ይገባል።

ገመዱን ረዘም ማድረግ ደግሞ ወሳኝ ነው። ካጠረ ማዕበሉ ጀልባዋን ባነሳ ቁጥር ማሰሪያው ወደ ላይ ይነቀነቃል። ተንሳፋፊው ውሃ ውስጥ ከሰመጠ ገመዱ አጥሯል ማለት ነው፤ ወዲያው ተጨማሪ ገመድ ይለቀቅለት።

አሁን ስጠልቅ መጀመሪያ የማደርገው ማሰሪያውን ማየት ነው። አንድ ቀን ላዩ አዲስ የሚመስል ተንሳፋፊ አግኝተን አሰርን። ገመዱን ተከትዬ ወረድኩ። ሰንሰለቱን ከገመዱ ጋር የሚያገናኘውን ብረት በጓንቴ ስጠርገው አልጌው ተነሳ፣ ከሥሩ ያለው ብረት በመፋተግ ብዛት ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል። ለጓደኛዬ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ አመለከትኩት። ወጣን፣ ፈታን፣ ቦታውን ለሚያስተዳድሩት ነገርናቸው። ላዩን አይቶ ማመን የለም በቃ!

ሁላችንም አብረን አንወርድም። ጀልባ መንዳት የሚችል አንድ ሰው ጀልባዋ ላይ ይቀራል። የጠላቂ ባንዲራ ይሰቀላል። ከኋላ በኩል ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ያለው ረጅም ገመድ እንለቃለን፤ ፍሰቱ የወሰደው ሰው እሱን ይዞ ይመለሳል። ስንወጣም በማሰሪያው ገመድ እንመጣለን፤ ከመውጣታችን በፊት ለጥንቃቄ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ 3 ደቂቃ ስንቆም እሱን መያዝ በጣም ያግዛል።

ለመሄድ መጀመሪያ ሰው እንቆጥራለን። ከዚያ ሞተር ይነሳል፣ የገመዳችን አንዱ ጫፍ ይፈታል፣ በሌላኛው ይሳባል። ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሳፋ ከተንሳፋፊው እስክትርቅ ማርሽ አላስገባም፤ ፕሮፔለሩ ገመድ ይጠቀልላል።