ጥቁር ይዤ ወታደር መጋበዝ የጀመርኩት እንዲህ ነው

እኛ ሰፈር የቼዝ ሕጉ አንድ ነው። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ተቀማጩ ነጩን አይለቅም። ወረፋ ጠብቆ የሚገባው ሁልጊዜ ጥቁር ነው የሚደርሰው። አቻ ከወጣም የሚነሳው እንግዳው ነው።

ቦታው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ከአንዱ ብሎክ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ ሰሌዳው የእሷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንዴ ከተነሳህ ተራህ እስኪደርስ ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። በጥቁር ማሸነፍ ካልቻልክ ቼዝ አትጫወትም፣ ቼዝ ታያለህ።

ጨዋታው ለየአንዳንዱ አምስት ደቂቃ ነው፣ በስልክ ሰዓት። በዚህ ፍጥነት ጥቁር ይዘህ ተከላክለህ፣ ቀስ ብለህ አመጣጥነህ፣ ከዚያ ደግሞ አሸንፈህ መውጣት ከባድ ነው። ጋምቢት ውስጥ የገባሁት ለዚህ ነው እንጂ ጀግንነት አምሮኝ አይደለም።

ጋምቢት ማለት መጀመሪያ ላይ ወታደር ሰጥተህ ጊዜ መግዛት ነው። እሱ ወታደር ሲለቅም አንተ ፈረስና ቢሾፕ ታወጣለህ። ነጭ ሲይዙ ቀላል ነው፤ ሲጀመርም አንድ እርምጃ ቀድመሃል። ጥቁር ግን ወደኋላ ቀርቶ ነው የሚሰጠው። ዋጋው ይወደዳል። ዝም ብሎ ያገኙትን መስጠት አያዋጣም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ኢንግሉንድ የሚባለውን ጋምቢት ነው። ፊደሉ የሰሌዳውን ቋሚ መስመር፣ ቁጥሩ አግዳሚውን ይነግርሃል፤ የጠጠር ስም ካልጠራሁ የሚሄደው ወታደር ነው። ነጭ ዲ4 ሲል ወዲያው ኢ5። ወታደሩን ይበላል፤ አንተ ፈረስ ሲ6፣ ንግሥት ኢ7 ትላለህ። ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ ሲያመጣ ንግሥትህ ቢ4 ላይ ቼክ ትላለች (ንጉሡን ታስፈራራለች)፣ ቢሾፑ ዲ2 ሲመለስ ቢ2ን ትበላለች። ነጭ ንግሥቷን አባርራለሁ ብሎ ያንኑ ቢሾፕ ሲ3 ላይ ካስቀመጠ አለቀለት። የአንተ ቢሾፕ ቢ4 ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ሲ1 ላይ ማት ነው፤ ንጉሡ ማምለጫ የለውም።

ያምራል። ችግሩ እኛ ጋ ዳር ቆሞ የሚያየው ከሚጫወተው ይበዛል። አንዱን ስታጠምድ ሌላው ሁሉ ይማራል። ነጭ በቢሾፑ ፈንታ ፈረሱን ሲ3 ላይ ካወጣ ደግሞ ንግሥትህ ሰው ግቢ ገብታ መውጫ ስትፈልግ ትውላለች። ኢንግሉንድን ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ጋምቢት የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰውዬው ወጥመዱን ቢያውቀው ለእኔ ምን ይተርፈኛል?

በዚህ ሚዛን ቡዳፔስት የሚባለው ጋምቢት አለፈ። ዲ4 ሲል ፈረስ ኤፍ6፣ ሲ4 ሲል ኢ5። ወታደሩን ሲበላ ፈረሱ ጂ4 ላይ ይዘላል። ብዙ ጊዜ ያቺን ወታደር መልሰህ ታገኛታለህ። እንዲያውም ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቅዳሜ ተቀማጩ ሁላችንም ቲቸር የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ኢ5 ስል መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና፣ “ወታደርህን ረሳሃት ልጄ” አሉኝ።

“ይብሉ ቲቸር” አልኳቸው።

“ጉርሻማ እምቢ አይባልም።” በሉ።

ፈረሴ ጂ4። ቢሾፕ ኤፍ4 አሉ። ፈረስ ሲ6፣ እሳቸው ፈረስ ኤፍ3። ቢሾፔ ቢ4 ላይ ቼክ አለ። በሌላኛው ፈረስ ዲ2 ላይ ሸፈኑ። ንግሥቴን ኢ7 ላይ አወጣሁ። ኤ3 ብለው ቢሾፔን ጠየቁት፣ በወታደር ሊበሉት ማለት ነው። ቢሾፑን ትቼ በጂ4ቱ ፈረስ ኢ5ን በላሁ። ቲቸር ነፃ ቢሾፕ አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። በሉት።

ፈረሴን ዲ3 ላይ አስቀመጥኩ። ቼክ። እጃቸው ቶሎ ብሎ ኢ2 ያለችውን ወታደር አነሳ። ዳር ከቆሙት አንዱ “ንግሥቷ!” ብሎ ጮኸ። ወታደሯ ከተነሳች ኢ7 ያለችው ንግሥት ንጉሡን ፊት ለፊት ታየዋለች፤ ስለዚህ ፈረሱን መብላት አይቻልም። መሸሻም የለም። ንግሥታቸው፣ ሁለተኛው ፈረሳቸው፣ ቢሾፓቸው፣ ወታደሮቻቸው ዙሪያውን ሞልተውታል። ንጉሡን ያፈኑት የገዛ ሰዎቹ ናቸው። ቲቸር ወታደሯን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ “በል ደርድር” አሉ፣ የሚነሱት እሳቸው መሆናቸውን ረስተው። ማን ደፍሮ ይነሱ ይበላቸው!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን አልደገሙም። ቢሾፑን በኤፍ4 ፈንታ ቤቱ አቆይተው ፈረስ ኤፍ3፣ ኢ3 አሉ። የቡዳፔስት ጥቅም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቢሾፔን ሲ5 ላይ አወጣሁ፣ ፈረሶቹ ኢ5 ላይ ተበላሉና ወታደሬን አገኘሁ። ከዚያ ኤ5፣ ቀጥሎ ግንብ ኤ6። ግንቡ በስድስተኛው መስመር ተሻግሮ ኤች6 ወይ ጂ6 ላይ ንጉሡን ፊት ለፊት ይጠይቃል። ዲ7 ያለችው ወታደር ካልተነካች መንገዱ ክፍት ነው። በአምስት ደቂቃ ጨዋታ ከኤ8 የሚመጣ ግንብ የሚጠብቅ ሰው እኛ ሰፈር የለም።

አልቢን የሚባል ጋምቢትም አለ። ዲ4 ዲ5፣ ሲ4 ኢ5፣ ወታደሩን ሲበላ ዲ4። እዚህ የሚተርፍህ ዲ4 ላይ የተሰካችው ወታደር ናት፤ የነጭን ፈረስ ሲ3 ትከለክለዋለች። ቸኩሎ ኢ3 የሚል ካጋጠመህ ደግሞ የታወቀው የላስከር ወጥመድ አለ። ቢሾፕህ ቢ4 ላይ ቼክ ይላል፣ እሱ በቢሾፕ ይሸፍናል፣ ኢ3ን ትበላለህ። ቢሾፕህን ከበላው ወታደርህ ኤፍ2ን በቼክ ትበላለች፣ ንጉሡ ኢ2 ይወጣል፣ ጂ1 ያለውን ፈረስ በልተህ ትነግሣለህ። ግን ንግሥት አታድርጋት፣ ፈረስ አድርጋት። ንግሥት ካደረግካት ዲ8 ያለችውን ንግሥትህን በቼክ ይበላና ከዚያ አዲሷንም ይለቅማታል። ፈረስ ከሆነች ግን ራሷ ቼክ ናት። በግንቡ ከበላት ቢሾፕህ ጂ4 ላይ ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ሲሸሽ ከኋላው ያለችው ንግሥት የአንተ ናት። እኔ ይህን ያደረግኩ ቀን ሁለቱም ፈረሶቼ ገና ሰሌዳው ላይ ነበሩ። ሦስተኛ ፈረስ ከየት ይምጣ? የአምቦ ውሃ ቆርኪ አስቀመጥን። “ቆርኪ ቼክ ይላል እንዴ?” የሚል ክርክር ከጨዋታው በላይ ጊዜ ወሰደ።

ለኢ4 ተጫዋቾች ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። የኛ ሰፈር ልጆች ንጉሡ ብቻ የሚጠብቃትን የኤፍ7ን ወታደር ማጥቃት ይወዳሉ፤ ቢሾፕ ሲ4፣ ከዚያ ፈረስ ጂ5። እኔ ዲ5 እላለሁ፣ ወታደሩን ሲበሉ በፈረስ አልመልስም። ከመለስክ የነጭ ፈረስ ኤፍ7 ላይ ይሠዋና ንጉሥህ መሀል ሜዳ ይወጣል። ፈረስ ኤ5 ነው የምለው። ቢሾፑ ቢ5 ላይ ቼክ ሲል ሲ6፣ ከተበላላ በኋላ አንድ ወታደር ጎድሎኛል፣ ግን ቢሾፑም ፈረሱም ወደኋላ ሲሸሹ እኔ ሁሉንም አወጣለሁ። ትራክስለር የሚባለውም አለ፣ በዲ5 ፈንታ ቢሾፕ ሲ5 ብሎ ኤፍ7ን መተው። ደስ ይላል፤ ግን ነጭ ረጋ ብሎ በቢሾፑ ኤፍ7ን ቢበላ ወታደርህም የለ፣ ካስል ማድረግም (ንጉሡን ወደ ዳር ወስዶ በግንብ መከለል) የለ። ለጓደኛ ጨዋታ እንጂ ለወረፋ አይሆንም።

ሌላ የተማርኩት፣ በአንድ ጨዋታ ውጤት መክፈቻ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1918 ቪድማር የሚባል ተጫዋች በርሊን ላይ ቡዳፔስትን ተጫውቶ ታላቁን ሩቢንስታይን አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ አሜሪካዊው ማርሻል ሩይ ሎፔዝ በሚባለው መክፈቻ ዲ5 ብሎ ወታደር ሰጠ፤ ኩባዊው ካፓብላንካ ተከላክሎ አሸነፈው። ዛሬ ግን የዓለም ምርጦች ከቡዳፔስት ይልቅ የተሸነፈውን የማርሻልን ጥቃት ነው የሚፈሩት፤ ብዙዎቹ ጭራሽ እንዳይገጥማቸው አስቀድመው መንገድ ይቀይራሉ።

ማታ ማታ የተጫወትኩትን ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ አያለሁ። ጨዋታውን የሚመዝነው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ስቶክፊሽ፣ ቡዳፔስትን ብዙም አይወደውም፣ ነጭ ይሻላል ይላል። ይበል። ስቶክፊሽ ቱሉ ዲምቱ መጥቶ አያውቅም። ከእሱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ንግሥቶች ከተለዋወጡ ጥቃቱ ይበርዳል፣ የጎደለችው ወታደር ግን እንደጎደለች ትቀራለች። ስለዚህ ወታደሬን ሳልመልስ ንግሥት አልለዋወጥም። ቤንኮ የሚባለው ጋምቢት ብቻ ከዚህ ይለያል። እዚያ ኤ እና ቢ መስመሮች ለግንቦችህ ስለሚከፈቱ፣ ወታደር ጎድሎህም ንግሥት ሳይኖር ትጫናለህ። አሁን እሱን እየተማርኩ ነው።

ሰፈሩም ዝም አላለም። ቲቸር ሲ4 ማለት ትተዋል፤ በሁለተኛው እርምጃ ቢሾፕ ኤፍ4 ብለው ለንደን የሚባለውን መክፈቻ ይጫወታሉ። ለንደን ላይ ቡዳፔስት የለም። እኔም ሲ5 ብዬ ንግሥቴን ቢ6 ላይ አወጣና ያ ቢሾፕ ጥሎት የወጣውን ቢ2 እጠይቃለሁ። ልጆቹ ደግሞ ቡዳፔስትን ከእኔ አይተው እኔው ላይ ይጫወቱብኛል፣ ያውም በፍጥነት። ስለዚህ አሸንፌ ነጭ ስይዝ ከዲ4 በኋላ ፈረስ ኤፍ3 ነው የማወጣው። ኢ5ን አልፈቅድም። “ፈሪ!” ይሉኛል። ወንበሩ ላይ ያለሁት ግን እኔ ነኝ።