ትንሿ የሰሜን ዛጎል፦ ከስኮትላንድ ጫፍ የዘንድሮ የብርድ ወራት ማስታወሻ

ዛጎል የሞቃት ባሕር ነገር ብቻ ለሚመስላችሁ ሁሉ ይህን ጽፌያለሁ። በተለይ ደግሞ ሰሜን አውሮፓ እየኖራችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ቤት ተዘግቶባችሁ ለምትከርሙ። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ጆን ኦ ግሮትስ በምትባለው መንደር አካባቢ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ዛጎል አለች። ርዝመቷ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአገሩ ሰዎች "ግሮቲ በኪ" ይሏታል፤ ያገኛት ሰው ዕድለኛ ነው ይላሉ፣ ኪሳቸው ውስጥም ይዘዋት ይዞራሉ። እኔም እሷን ፍለጋ ነው በብርድ የምንከራተተው። ዘንድሮ ግን ፍለጋው መልክ ያዘልኝ፤ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

እኛ አገር ዛጎልን የምናውቀው ቆዳ ላይ ተሰፍቶ ነው። አንቀልባ ላይ አለ። የሐመር ሴቶች ጌጥ ላይ አለ። ያ ዛጎል ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ በነጋዴ እጅ ተሻግሮ የመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ተቆርጦ ይወጣና ጥርስ ጥርስ ያለው ሆዱ ወደ ውጭ ሆኖ ይሰፋል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ሙሉውን ዛጎል ሳናይ የምናድገው። የሰሜኗን ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ስልክላት "አንቺ ልጅ፣ ይሄማ የአንቀልባው ዛጎል ነው እኮ! ምነው እንዲህ ጫጨ?" አለችኝ።

አልጫጨም እማዬ፣ ዘሩ ሌላ ነው። የሞቃት ባሕሮቹ ጀርባቸው ልሙጥና አንጸባራቂ ነው። የሰሜኗ ግን ጀርባዋን አቋርጠው ወደ ሆዷ የሚዞሩ ቀጫጭን ሸንተረሮች አሏት፣ በጣት ሲዳብሷት ይታወቃል። አጥኚዎችም ትሪቪዳ በሚባል ሌላ ቤተሰብ ነው የሚመድቧት። ቅርጿና ሆዷ ላይ ያለው ጠባብ ስንጥቅ ግን ቁርጥ የአንቀልባው ነው። ሰውም ገና ድሮ ነው የወደዳት። በምዕራብ ስኮትላንድ ኦሮንሴይ በምትባል ትንሽ ደሴት፣ ከባሕሩ እየለቀሙ ይበሉ የነበሩ ሰዎች በጣሉት የቅርፊት ክምር ውስጥ፣ ለክር እንዲመቹ የተበሱ እንዲህ ያሉ ዛጎሎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው 6,000 ዓመት ገደማ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። እዚህም እዚያም፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ሰዎች ይቺን ቅርጽ አይተው ለጌጥ መርጠዋታል።

ለምን በብርድ? መጀመሪያ ይህን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። በበጋ ባሕሩ ሰላም ነው፤ ያለውን እዚያው ይዞ ይቀመጣል። ከኅዳር ወዲህ ግን ማዕበሉ ጥልቁን ይቆፍራል። ኬልፕ የሚባለውን ወፍራም የባሕር አረም ከነሥሩ ነቅሎ ዳር ያወጣዋል። ከዓለት ሥር፣ ከአረሙ ጫካ ውስጥ የነበሩት ባዶ ቅርፊቶችም አብረው ይወጣሉ። ቦታው ደግሞ ፔንትላንድ ፈርዝ የሚባለው ወሽመጥ አፍ ላይ ነው፣ አትላንቲክና የሰሜን ባሕር የሚገናኙበት። በብሪታኒያ ዙሪያ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት የባሕር ውሃ ፍሰቶች አንዱ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ ዛጎሉ ብዙ ነው፣ ስብርባሪውም ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ አሸዋ የመሰላችሁ ነጭ ነገር ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የተፈጨ ቅርፊት ነው።

ጊዜውን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ማዕበሉ እየመታ ወደ ዳርቻው መውረድ አደጋ ነው፣ የሚገኝም ነገር የለም። እኔ የምሄደው ነፋሱ በበረደ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በጣም ርቆ የሚሸሸው ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ወይም አዲስ በወጣች ሰሞን ነው፤ ያኔ ሌላ ጊዜ የማይገለጥ መሬት ይገለጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት፦ ያለፈ ማዕበል፣ የሸሸ ውሃ፣ እና ብርሃን። ሦስተኛው ነው ከባዱ። በታኅሣሥ እዚያ ጀምበር የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ የምትጠልቀው ደግሞ 9 ሰዓት ከ20 አካባቢ። ከኢንቨርነስ ከተማ ተነስቶ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ለሚነዳ ሰው ጨለማ ውስጥ ወጥቶ ጨለማ ውስጥ መመለስ ነው። መኪና የሌላችሁ በአካባቢው ወዳሉት ከተሞች፣ እስከ ዊክ ወይም ተርሶ፣ በባቡር መሄድ ትችላላችሁ፣ ረጅም ግን በጣም የሚያምር መንገድ ነው። የውሃውን የመሸሻ ሰዓት ሳላይ ቀን አልቆርጥም፤ የሸሸው ውሃ ተመልሶ መውጫ ሊዘጋ ስለሚችል እናንተም ሳታዩ እንዳትሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዘንድሮ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት የት መንበርከክ እንዳለብኝ ማወቅ ነው።

ባሕሩ እንደ ሰፌድ ነው። ያንገዋልላል። ከባዱን ለብቻ፣ ቀላሉን ለብቻ፣ ጠፍጣፋውን ለብቻ፣ ክቡን ለብቻ አድርጎ በየመስመሩ ያስቀምጠዋል። ትልልቆቹ ቅርፊቶችና የኬልፑ ክምር ላይኛው መስመር ላይ ይቀራሉ። ጥሩው አሸዋ ታች ነው። በመሐል፣ ብዙውን ጊዜ ዓለት ጥግ ወይም ውሃው ዞሮ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ፣ ሁሉም ነገር የአተርና የባቄላ መጠን ያለው የደቃቅ ቅርፊት ንጣፍ ታገኛላችሁ። ግሮቲዋ ያለችው እዚያ ነው፣ ምክንያቱም ክብደቷና ክብነቷ ከእነዚያ ጋር ስለሚመጣጠን። እኔ አሁን የማያት እሷን ራሷን ሳይሆን ጓደኞቿን ነው። ትንንሽ ቢጫ የባሕር ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተሰብስበው ካየሁ እቆማለሁ። ትልልቅ ሊምፔቶች (ዓለት ላይ የሚጣበቁ፣ ቅርፊታቸው ባርኔጣ የሚመስል ቀንድ አውጣዎች) ብቻ ካሉ እዚያ ጊዜ አላጠፋም፣ አልፌ እሄዳለሁ።

ከዚያ መንበርከክ ነው። ቆሞ እየሄዱ ይቺን ዛጎል ማግኘት አይቻልም ባልልም፣ በጣም ይከብዳል። ምንጣፍ ቢጤ አነጥፋለሁ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ እመርጣለሁ፣ እሱን ብቻ አያለሁ። በጣት አልበትንም፤ ላዩን በዐይን ጨርሼ ነው በቀስታ የምገልጠው። ጀርባዋ ላይ ብትወድቅ ስንጥቋ ይታያል፣ በሆዷ ብትወድቅ ሸንተረሯ። ፀሐይዋ በዚያ ወቅት ዝቅ ብላ ከጎን ስለምትመታ ሸንተረሮቹ ጥላ ይሠራሉ፣ ይህ የብርዱ ወቅት አንዱ ጸጋ ነው። ዐይን እስኪለምድ የተወሰነ ጊዜ ይወስዳል። አንዷ ከተገኘች በኋላ ግን ሌላዋ አጠገቧ የመኖሯ ዕድል ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ባገኛችሁበት ቦታ ቆዩ፣ ወደ ሌላ አትሩጡ።

ጓንትን በተመለከተ፣ የጣት ጫፉ የተቆረጠ ቀጭን ጓንት ከታች፣ ትልቁን ከላይ አደርጋለሁ፤ ስለቅም ትልቁን አወልቃለሁ። ቦቲ ጫማ ግድ ነው። በፔርሙስ ቅመም የገባበት ሻይ፣ በኮዳ በሶ በጥብጬ እይዛለሁ። በሶ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ እጅ ደንዝዞ ዳቦ መክፈት ሲያቅት በሶ ይጠጣል።

ዓይነቱን መለየት ላይ ብዙ ሠርቻለሁ። በሰሜን ስኮትላንድ ሁለት ዓይነት አሉ። አንዷ ጀርባዋ ላይ ሦስት ጥቁር ቡናማ ነጠብጣቦች አሏት፤ ስሟ ትሪቪያ ሞናካ ነው። ሌላዋ ነጠብጣብ የላትም፣ ትንሽ አነስ ትላለች፤ እሷ ትሪቪያ አርክቲካ ናት። ሲባል ቀላል ነው። ችግሩ ዳርቻ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ በአሸዋና በፀሐይ ቀለማቸው የተገፈፈ መሆኑ ነው። ነጠብጣብ ያላትን ያለ ጥርጥር ሞናካ እላለሁ። ነጭ ሆና የተገኘችውን ግን አርክቲካ ብሎ መፈረጅ ልክ አይደለም፣ ነጠብጣቧ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ሦስት ዕቃ አለኝ፦ የሞናካ፣ ገና ትኩስ ሆነው ሮዝ ቀለማቸውን እንደያዙ የተገኙ የአርክቲካ፣ እና ያልተለዩ። ያልተለዩት ይበዛሉ። እኔ በዚህ አላፍርም፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ብታዩ ይመረጣል፤ እርጥብ ሳለች የደበዘዘ ነጠብጣብ እንኳ ይታያል፣ ከደረቀች በኋላ ግን አይለይም።

እሷን ስትፈልጉ ሌላም ብዙ ታገኛላችሁ። ኬልፑ ሲነቀል ሥሩንና ቅጠሉን ሳታዩ አትለፉ። ሰማያዊ መስመር ያለው ሊምፔት እዚያ ላይ ነው የሚኖረው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ እንደ ጥፍር ቀጭን፤ ጀርባዋ ላይ ግን የኤሌክትሪክ ብርሃን የመሰለ የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር አለ። ቀለም የተቀባ አይደለም። ቅርፊቱ ውስጥ ያሉት እጅግ ስስ ንብርብሮች ከብርሃኑ ሰማያዊውን ብቻ መርጠው ስለሚመልሱት ነው። እንስሳዋ በሕይወት ካለች እኔ አልነካትም፣ አረሙን መልሼ ውሃው ወደሚደርስበት አስጠጋለሁ። በአጠቃላይ የምይዘው ባዶውን ብቻ ነው። ጠምዛዛ ቅርፊት ስታነሱ ውስጡን እዩ፣ ትንሽ ሸርጣን ቤቷ አድርጋው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ባለቤት አለውና ይመለስ። ባዶም ቢሆን ሁሉን ጠራርጎ መውሰድ አልወድም፤ ከየቦታው ለጥናት የሚበቃኝን ጥቂት እይዛለሁ፣ ሌላውን ፎቶ አነሳለሁ።

ቤት ሲደርሱ በንጹሕ የቧንቧ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን ደጋግሞ መቀየር፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። አለቀ። ኮምጣጤና ሎሚ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አትስሟቸው። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ሸንተረሯ እንደዚያ ስስ የሆነች ዛጎል ደግሞ መጀመሪያ የምታጣው ሸንተረሯን ነው።

ማስቀመጫው ላይ ሰው ብዙ አያስብም፣ እኔ ግን አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። የሚያምር የኦክ እንጨት ሳጥን አትግዙ። ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት ቀስ በቀስ ዛጎሉ ላይ ነጭ ዱቄት ያበቅላል፣ ፊቱንም ይበላዋል። በ1899 ባይን የተባለ እንግሊዛዊ ስለዚህ ነገር ጽፎ ስለነበር እስከ ዛሬ "የባይን በሽታ" ይባላል። እሱ በጊዜው ባክቴሪያ ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ በኋላ ነው ጥፋቱ የማስቀመጫው እንደሆነ የታወቀው። ሙዚየሞች ሳይቀሩ በዚህ ብዙ ዛጎል አጥተዋል። ተራ የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ ጥጥ ሳይሆን ንጹሕ የስፖንጅ ቁራጭ፣ ይበቃል።

ከእያንዳንዱ ጋር ደግሞ ወረቀት ይኑር። ቀን፣ የዳርቻው ስም፣ ከየትኛው መስመር ላይ እንደተነሳች፣ ከስንት ቀን በፊት ማዕበል እንደነበረ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ። የኔ ወረቀቶች ዘንድሮ ጥሩ ነገር አሳዩኝ። ሳኒክ በምትባለው፣ ከደንካንስቢ ሄድ የመርከብ መብራት ማማ ወረድ ብላ ባለችው ዳርቻ፣ ትኩስና ባለቀለም ዛጎሎቹ ያጋጠሙኝ ከሰሜን ከመጣ ማዕበል በኋላ ነው። ከምዕራብ በነፈሰ ጊዜ ያገኘሁት በአብዛኛው የተፋቀና ነጭ ነው። አንድ ወቅት ብቻ ስለሆነ ሕግ ነው አልልም፤ በሚቀጥለው ብርድ ይህን ብቻ ይዤ አጣራለሁ።

ከዚያ በፊት ግን በጋው አለ። ሕያዋኑ ወደ ላይኛው ዓለት ጠጋ የሚሉት ያኔ ነው። ምግባቸው ከዓለት ሥር እንደ ቆዳ ተለጥፎ የሚያድግ፣ ትንንሽ ኮከብ የተሣለበት የሚመስል ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው፤ እንቁላላቸውንም የሚጥሉት እሱኑ ቦርቡረው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮከቦቹን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ እሷን። በሕይወት ስትኖር ሥጋዋ ከሁለት ወገን ወጥቶ ቅርፊቷን ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ ዛጎል መፈለግ የለመደ ዐይን ሊያልፋት ይችላል። ሰኔ ላይ ውሃው በጣም የሚሸሽባቸውን ቀናት ከወዲሁ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ኦርክኒ ወይም ሼትላንድ ደሴቶች፣ ወይም ከባሕሩ ማዶ ኖርዌይ ያላችሁ፣ ባለ ሦስት ነጠብጣቧን ካገኛችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉልኝ፤ ከኔው ጋር ላስተያየው።