3.3 ከመቶ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያዎችን በሚያስተዳድር ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየዓመቱ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የዲሴምበርን የዋጋ ግሽበት እንዳወጣ፣ ለደመወዝ ጭማሪ ውሳኔ የሚሆን አንድ ገጽ ማስታወሻ ለሥራ አስኪያጁ አዘጋጃለሁ። በጃንዋሪ 2022 ያዘጋጀሁት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አጠቃላዩ ግሽበት 7 ከመቶ ነበር። ቤንዚን 49.6፣ ያገለገሉ መኪናዎች 37.3 ከመቶ ጨምረዋል። የቤት ኪራይ መስመር ላይ ስደርስ 3.3 ይላል። «ኪራይ በአንጻሩ የረጋ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከገጹ ሁሉ ያቺን መስመር መረጠ። «ሠራተኞቻችን የሚመጡት በአውቶቡስና በባቡር ነው፤ ቤንዚኑ አይነካቸውም። ኪራይም ረግቷል» አለና ጭማሪውን 4 ከመቶ ላይ ቆረጠው።

ማስታወቂያው በተለጠፈ በሳምንቱ የሌሊት ተረኛው ጋሼ ቢሮዬ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከደረት ኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ባለ አንድ መኝታ ቤታቸው ውል ሊታደስ ነው፤ 1,450 ዶላር የነበረው ከማርች ጀምሮ 1,700 ይሆናል። ወደ 17 ከመቶ መሆኑ ነው።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ልክ ነው?»

«በጭራሽ! አታለውዎታል ጋሼ፤ የመንግሥት አኃዝ 3.3 ነው የሚለው» አልኩና ሰንጠረዡን አትሜ፣ መስመሩን ቢጫ ቀለም ቀብቼ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ተመለሱ። የአከራዩ ቢሮ ሠራተኛ ወረቀቱን አይታ ሳቀች አሉ። «ይህ የተከራይ ሁሉ አማካይ ነው፤ እኔ የምነግርዎት የዚህን በር ዋጋ ነው።» ቨርጂኒያ ውስጥ የኪራይ ጣሪያ የለም። ፈረሙ።

ማታ ቁጭ ብዬ፣ አስቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን አነበብኩ። የስታቲስቲክስ ቢሮው የሚለካው አዲስ ውል የፈረመውን ብቻ አይደለም። ዓመታት ከአንድ ቤት ያልተነቃነቀውም፣ ውሉ ሊያልቅ ስምንት ወር የቀረውም አብረው ይደመራሉ፤ በናሙናው ያለ እያንዳንዱ ቤት የሚጠየቀውም በስድስት ወር አንዴ ነው። ገበያው ሲዘል መለኪያው ከኋላ እያዘገመ ይከተላል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የቢሮውና የክሊቭላንድ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት መዘግየቱን አንድ ዓመት ገደማ አድርጎታል።

ይበልጥ የገረመኝ ግን የቤት ባለቤቶች ነገር ነው። መኖሪያ ከአጠቃላዩ የግሽበት መለኪያ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይይዛል፤ ትልቁ ድርሻ ግን ተከራይ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ አይደለም። ባለቤቱ «ቤትዎን ቢያከራዩት ስንት ያወጣል?» ተብሎ የሚገመት ኪራይ ነው፤ ጭማሪው ደግሞ ከተከራዮች ናሙና ይሰላል። እስከ 1983 የሚቆጠረው የቤት ዋጋና የብድር ወለድ ነበር። የሥራ አስኪያጃችን ብድር ወለዱ ለ30 ዓመት የታሰረ ነው፤ የሚከፍለው አልተለወጠም። በመለኪያው ዓይን ግን እሱም በራሱ ላይ ኪራይ ጨምሯል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ለራሱ ሲከፍል ደረሰኝ ይቆርጣል?» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ማስታወሻዬ እንዳሳሳተው ተናገርኩ። በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ 4 ከመቶው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬን ከመጻፌ በፊት ፈቃደኛ የሆኑ ሠራተኞችን የውል ማደሻ ደብዳቤ አይቼ፣ ከቢሮው አኃዝ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

በጃንዋሪ 2023 አጠቃላዩ ግሽበት ወደ 6.5 ሲወርድ ኪራይ 8.3 ከመቶ ሆኖ ወጣ። ያለፈው ዓመት ዝላይ ገና መድረሱ ነው። በዚያው ሰሞን ጋሼ እንደ አምናው አራት ላይ የታጠፈ አዲስ ወረቀት ይዘው ብቅ አሉ። አከራዩ የጨመረባቸው 35 ዶላር ብቻ ነው።

«ዘንድሮ ያንቺ ሰንጠረዥ ስንት ይላል?»

«8.3 ከመቶ።»

ተነሥተው በሩን ዘጉት። «እባክሽ ልጄ፣ ያቺ የኪራይ ቢሮዋ ልጅ እንዳታየው።»