ይሄን ባለፈው አይቼዋለሁ

ከደንበኛ ሁሉ የሚያስፈራኝ ሰዓት የሚይዘው ነው። ስለ ቀለም የሚከራከር አለ፣ "ሎጎው ይተልቅ" የሚል አለ፤ እነሱን ለምደናቸዋል። እኚህ ሰውዬ ግን ገና ከወንበራቸው ሳይደላደሉ ላፕቶፓቸውን ከፍተው ኤክሴል ዘረጉ፣ ስልካቸውን ሰዓት መቁጠሪያው ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና "በሉ አሳዩን" አሉ። ያኔ ነው ቀኑ እንደማያልቅ የገባኝ።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ባለ አነስተኛ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሁሌ የሚጮህ ዩፒኤስ፣ ሬንደር (ኮምፒውተሩ የተሠራውን ወደ ቪዲዮ የሚያወጣበት ሥራ) ሊያልቅ ሲል የሚሄድ መብራት፣ ከስክሪናቸው የማይነቀሉ ወጣቶች። እኔ አልስልም። ፕሮዲውሰር ነኝ፤ በጀትን፣ ጊዜንና ደንበኛን ሳስታርቅ ነው የምውለው። በእጃችን የነበረው ሥራ ለልጆች ስለ ጤናና ንጽህና የሚያስተምር ተከታታይ ካርቱን ሲሆን፣ አሠሪው ስሙ ይቆይና አንድ ድርጅት ነው። ጀግናችን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እንቅልፍ ትወዳለች፣ ሒሳብ ትጠላለች፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ነጠላዋ በርቶ ሌላ ሰው ትሆናለች።

ሐሳቡ የባልደረባችን የ"ጨረቃ" ነው። ጨረቃ የቢሮ ስሟ ነው፤ ሴለር ሙን የተባለውን የጃፓን ካርቱን ("ሙን" ጨረቃ ማለት ነው) ያለ ልክ ስለምትወድ የወጣላት። ማንም እንዲነካባት የማትፈቅደው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አላት፤ 200ውም ክፍል እዚያ ውስጥ አለ። አዎ፣ 200። ቶኤ አኒሜሽን የሠራው ይህ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከማርች 1992 እስከ ፌብሩዋሪ 1997 በጃፓኑ ቲቪ አሳሂ ይታይ ነበር። የታሪኩ ባለቤት ናካዮሺ በተባለ የልጃገረዶች መጽሔት ላይ በማንጋ፣ ማለትም በጃፓን የሥዕል ታሪክ መልክ፣ ታወጣው የነበረችው ናኦኮ ታኬኡቺ ናት። የሴትዮዋ ብልሃት የማይጋቡ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ማጋባቷ ላይ ነው፤ አንደኛው የልጃገረዶች የፍቅር ታሪክ፣ ሌላው ደግሞ ከ1975 ጀምሮ በጃፓን ወንዶች ልጆች የሚያብዱለት፣ የየራሳቸው ቀለም ያላቸው ጀግኖች በቡድን ጭራቅ የሚገጥሙበት "ሱፐር ሴንታይ"። የኛ ሰው በፓወር ሬንጀርስ የሚያውቀው እሱኑ ነው፤ አሜሪካኖቹ የጃፓኑን የፍልሚያ ትዕይንት ወስደው የራሳቸውን ተዋንያን ጨምረውበት በ1993 ያወጡት።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኡሳጊ የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ አልቃሻ፣ ሆዳም፣ አርፋጅ። በመጀመሪያው ክፍል ላይ 30 ያገኘችበትን የፈተና ወረቀት ጨምድዳ ወደ ኋላዋ ስትወረውረው የአንድ መንገደኛ ልጅ ራስ ላይ ያርፋል። ልጁ ወረቀቱን ዘርግቶ ውጤቷን ያይና ይሳለቅባታል። ማሞሩ ይባላል። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ በተገናኙ ቁጥር መሰዳደብ ነው። ጭራቅ የመጣ እንደሆነ ግን እሷ ሴለር ሙን ሆና ስትዋጋ፣ እሱ ጥቁር ካባና ጭምብል አጥልቆ ይደርስና ቀይ ጽጌረዳ ወርውሮ ያተርፋታል። አንዳቸውም የሌላውን ማንነት አያውቁም፤ ተመልካቹ ብቻ ያውቃል። "ፍቅሩ ያለው እኮ እዚያች ላይ ነው" ትላለች ጨረቃ። እውነቷን ነው። (በካርቱኑ ልጁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማድረጋቸው ግን ሴት ልጅ ላለኝ ለእኔ አይዋጥልኝም። በማንጋው ሁለተኛ ደረጃ ነው የሚማረው፤ እዚያው ቢተዉት ምን ነበረበት?)

እኔን እንደ ፕሮዲውሰር የገረመኝ ግን ፍቅሩ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። ሥራው በኮምፒውተር አልነበረም፤ በእጅ ይሳላል፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ፍሬም በፍሬም በካሜራ ይነሣል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይፈጃል፤ ጃፓኖቹ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ያቆዩትና ወደ 8 ሥዕል ያወርዱታል። ያም ሆኖ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ከባድ ነው። ስለዚህ "ባንክ" የሚሉት ዘዴ አላቸው፤ አንድ ትዕይንት አንዴ ተለፍቶበት ይሠራና ይቀመጣል፣ በየክፍሉ እየወጣ ይታያል። ኡሳጊ "ሙን ፕሪዝም ፓወር፣ ሜክ አፕ!" ብላ ስትጮህ ብርሃን የመሰለ ጥብጣብ ተጠምጥሞባት ልብስ የሚሆነው፣ ቡትስ ጫማው፣ ግንባሯ ላይ የሚያርፈው ጌጥ ተራ በተራ የሚመጣው፣ ያ ሁሉ በየሳምንቱ ያው ራሱ ትዕይንት ነው። ነገሩን ከልክ በላይ ማሞካሸትም አልፈልግም፤ የምትለወጥበትን የደረት ጌጥ ባንዳይ የተባለው ኩባንያ አሻንጉሊት አድርጎ ይሸጠው ነበር፤ ስለዚህ መደጋገሙ ማስታወቂያም ነው።

ጨረቃም የኛዋን ልጅ መለወጫ በዚሁ መንገድ ሠራችው። ከሌላው ትዕይንት ሁሉ የበለጠ ጊዜ የበላው እሱ ነው። መጀመሪያ የነጠላው ጥለት ከዳር ተነሥቶ ክር በክር ይፈታል፤ ክሮቹ አየር ላይ ይንሳፈፉና በልጅቷ እጅ ላይ ይጠመጠማሉ፣ ከዚያ ወገቧ ላይ፤ በመጨረሻ እንደገና ተሸምነው ካባ ይሆናሉ። የሽመናው ድምፅ ከእውነተኛ ሸማኔ የተቀዳ ነው። ቢሮው በሙሉ ቆሞ ነበር ያየው።

ሰውዬውም የመጀመሪያው ክፍል ላይ ወደውታል። ፈገግ ብለዋል፣ አይቻለሁ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ነጠላው ሲፈታ እጃቸው ወደ ስልካቸው ሄደ። ሦስተኛው ላይ "ቁም! ይሄን ባለፈው አይቼዋለሁ" አሉ። ቀጥለው ወደ ኋላ እያስመለሱ መቁጠር ጀመሩ፦ መለወጫው፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የምትሮጥበት፣ ከተማው ከላይ የሚታይበት። ኤክሴላቸው ላይ ደምረው፣ የተደጋገመው ደቂቃ ተቀንሶ ካልሆነ የሚቀጥለውን ክፍያ እንደማይፈርሙ ነገሩን። አለቃችን ሊለማመጡ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ጨረቃ ቀደመች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘፈን ውስጥ አዝማቹ ሲደጋገም ገንዘቤን መልሱልኝ ይላሉ?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን "የኔ ልጅ፣ እኔ ነገ ኦዲተር ሲመጣ አዝማች ነው ብዬ ልመልስ ነው?" አሉ።

ይህች መልስ ናት ስብሰባውን የቀየረችው። እስከዚያ ድረስ ስለ ጥበብ የማይገባው ሰው ነበር የመሰለን። ሰውዬው ግን ትዕይንቱን አልጠሉትም፤ የጎደላቸው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ የኔ ሥራ ነው። የተፈራረምነውን ውል አውጥቼ አባሪ ሁለትን ገለጥኩላቸው፤ ተደጋጋሚ ትዕይንቶች እንደሚኖሩ በግልጽ ተጽፏል፣ የመሥሪያ ቤታቸው ማኅተምም ከሥሩ አለ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። "አባሪ ማን ያነባል?" ብለው አጉረመረሙ።

አባሪው ግን ብቻውን አይበቃም ነበር። መብት አለን ማለት አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ማሳየት ሌላ። ጨረቃ የራሷን ኤክሴል ከፈተች። በአንዱ ዓምድ መለወጫው በየክፍሉ ያተረፈው ሥዕል፣ በሌላው ያ ትርፍ የሄደበት ትዕይንት። ሦስተኛው ክፍል ላይ እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ ጤና ጣቢያ በር ላይ ተራ የምትጠብቅበት ቦታ አለ። ምንም ፍልሚያ የለበትም። የእናትየው ፊት ብቻ ነው፤ ዓይኗ ወደ በሩ ሄዶ ይመለሳል፣ ከንፈሯ ልትናገር ይልና ይተወዋል፣ መዳፏ የልጁን ግንባር ይዳብሳል። ለዚያች አጭር ትዕይንት የወጣው ሥዕል ከጭራቁ ፍልሚያ ይበልጣል። ሰውዬው እንደገና እንድናሳያቸው ጠየቁ። በዚህኛው ጊዜ ሰዓት አልያዙም።

ከዚያ በኋላ ድርድር ነው። ተደጋጋሚው በአንድ ክፍል ውስጥ ከተወሰነ ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ዝርዝሩ ከየርክክቡ ጋር እንዲያያዝ፣ ከተከታታዩ አጋማሽ በኋላም መለወጫው እንዲታደስ ጠየቁ። የመጨረሻው ላይ ጨረቃ ተቃውሞ ታነሣለች ብዬ ስጠብቅ ደስ አላት። ለካ ሴለር ሙንም እንዲሁ ነው፤ ምዕራፍ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ጌጥ፣ አዲስ ጥሪ፣ አዲስ መለወጫ ይመጣል። ሳያውቁት የቶኤን መንገድ አዘዙን። ክፍያውም ትንሽ ዘግይቶ ገባ። ዛሬ በምንፈርመው ውል ሁሉ የተደጋጋሚ ትዕይንት ጉዳይ ከአባሪ ወጥቶ ዋናው ውል ላይ፣ ከክፍያው አንቀጽ ቀጥሎ ተቀምጧል፤ ደንበኛው አንብቦ ካልጠየቀን እኛው ጮክ ብለን እናነብለታለን።

አንድ ነገር ግን አልተሳካልንም። በኛም ታሪክ ውስጥ ከቀን ጠላትነት ወደ ማታ ደጋፊነት የሚገለበጥ፣ አደይ አበባ የሚወረውር ልጅ ነበረ። ሰውዬው መደጋገሙን ተቀብለው ሲያበቁ እሱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ። "ይሄ ደግሞ ምኗ ነው?" ጨረቃ ልታስረዳ ሞከረች። "የሰባተኛ ክፍል ልጅ! ወላጅ ምን ይለኛል?" ልጁ እንዲቀር አልጠየቁም፣ አበባውንም ወደውታል፤ ብቻ ዝምድና ይኑራቸው አሉ። ጨረቃ ወደ እኔ ዞራ እየሳቀች፣ በአሜሪካኑ የእንግሊዝኛ ቅጂም ላይ ፍቅረኛሞች የነበሩ ሁለት ገጸ ባሕርያት የአክስትና የአጎት ልጆች ተብለው እንደቀረቡ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ተመልካቹም ማንንም አላመነም አለች። እኔ ብዕሬን አነሣሁና በቃለ ጉባኤው ላይ "ልጁ የአክስቷ ልጅ እንዲሆን ተስማምተናል" ብዬ ጻፍኩ።