የተመለሰው የስኳር መለኪያ

የምሠራው የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። ነርስ ነኝ። በቀን የምናየው ሰው ብዙ ነው። ካርድ ይወጣል፣ ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይታያል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ከዚያ ቀጣዩ ይገባል።

አንድ ቀን ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አባት መጡ። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። ዓይናቸው ደክሟል፣ የእግራቸው ነርቭም ተጎድቷል። ሁልጊዜ የምታመጣቸው ልጃቸው ነበረች፤ የዚያን ቀን ግን ብቻቸውን ናቸው። ስኳራቸው ከወትሮው ከፍ ብሏል። «መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው አባባ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም የለመድኩትን ምክር ደገምኩላቸው።

ሊወጡ ሲሉ ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የስኳር መለኪያቸው ነው፤ ከነመርፌው፣ ከነስትሪፑ። ፌስታሉ ሁለት ቦታ በጥንቃቄ ተቋጥሯል።

«ይኼን ለሚጠቅመው ሰው ስጪልኝ ልጄ። እኔን ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።»

ደስ ብሎኝ ተቀበልኳቸው። መለኪያ የሌለው ታካሚ ስንት አለን! መርቀውኝ ወጡ። እኔም ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ አየችውና የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ስኳሩ እኮ አለቀቃቸውም። ታዲያ ለምን አያስፈልጋቸውም?» አለች።

ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ካርዳቸውን አውጥቼ ወደ ኋላ አነበብኩ። «እግራቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ሌሊት አይተኙም።» ቀጥሎ፣ «ክብደት ቀንሰዋል፣ የምግብ ፍላጎት የለም።» ባለፈው ወር ደግሞ፣ «ለልጄ ሸክም ሆንኩባት ይላሉ።» ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራሴ እጅ። ጽፌ፣ ቀጠሮ ሰጥቼ ሸኝቻቸዋለሁ።

ልጃቸው ጋ ደወልኩ። «ዛሬ ማታ ብቻቸውን እንዳትተዪአቸው፤ መድኃኒቱንም ሌላውንም አደገኛ ነገር ከአጠገባቸው አርቂ፤ ጠዋት ይዘሻቸው ነይ» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እሷም ልቧ ጠርጥሮ ነበር።

ጠዋት በሩን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ያልነበረውን ሐሳብ ያመጣል ብለን የምንፈራ ብዙ ነን። አያመጣም። ባለሙያዎች ደጋግመው የሚሉት ይኼንኑ ነው፤ በግልጽ የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀለዋል። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ጠየቅኳቸው፦ «አባባ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?»

መሬት መሬቱን አዩ። የጀመሩት ከእግራቸው ነው። ሌሊት ፍም ላይ የቆሙ ያህል ያቃጥላቸዋል። ብርድ ልብሱ ራሱ ሲነካቸው ያማቸዋል። ልጃቸው እንዳትነቃ ትራሱን ነክሰው ያድራሉ። የሷ ገንዘብ በሳቸው መድኃኒት ያልቃል፤ የልጅ ልጆቹ ይጎድልባቸዋል። «እኔ ባልኖር ያርፉ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «አዎ፣ አስቤአለሁ» አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩ። ልጃቸው በር ላይ ሆና ታለቅስ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ወደ 727,000 ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል። ከመቶው 73 ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በነዚህ አገሮች የአእምሮ ሐኪም ጥቂት ነው። አረጋዊን በየወሩ የሚያየው እንደኔ ያለ ሰው ነው። እኛ ደግሞ እንቅልፍ ማጣቱንም፣ ምግብ መተዉንም፣ መድኃኒት ማቋረጡንም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። እርጅና ግን ሰውን ሞት አያስመኝም። ያልታከመ ሕመም፣ ድባቴ እና ሸክም ነኝ የሚለው ሐሳብ ናቸው እዚያ የሚያደርሱት። ሦስቱም ደግሞ የሚታገዙ ናቸው።

የዚያኑ ቀን ሐኪሙ አያቸው። ለነርቭ ሕመሙም ለድባቴውም ሕክምና ጀመሩ። መድኃኒቱ የሚሰጠው የሳምንት የሳምንቱ ብቻ ሆነ፤ የምትይዘውም ልጃቸው ናት። መለኪያውንም መለስኩላት። በየሳምንቱ እንድደውልላቸው ተስማማን።

መደወል ትንሽ ነገር ይመስላል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ሆስፒታል የገቡ 1,867 ሰዎችን ተከታትሏል። ለግማሾቹ አንድ ሰዓት ያህል ምክርና በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ስልክ ወይም ጉብኝት ተጨመረላቸው። በነሱ ዘንድ ራሱን ያጠፋው ሰው ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነበር። የተጨመረው ጠያቂ ሰው ነው እንጂ ውድ መሣሪያ አይደለም።

አሁን ክፍላችን ውስጥ ከግፊቱ ቀጥሎ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሕመምና ስለ ተስፋ መቁረጥ እንጠይቃለን። ወረፋው ይረዝማል። ይርዘም።

ትናንት ስደውል ስልኩን ያነሱት እሳቸው ናቸው። እግራቸውን አሁንም ያቃጥላቸዋል። «ግን አራት ሰዓት ያህል ተኛሁ» አሉኝ። ካርዳቸው ላይ ጻፍኩት፦ አራት ሰዓት ተኝተዋል።