ከማቅለሚያው ጀርባ የሚጨሰው ቦይ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከማቅለሚያ ክፍላችን ጀርባ ጧትም ማታም የሚጨስ ቦይ ነበር። የቀለም ገንዳዎቹን አሙቆ ወደ ውሃነት የተመለሰው እንፋሎት በዚያ ይፈስሳል፤ ንጹሕ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ! እንፋሎቱን የሚያመነጨው ቦይለር ደግሞ 20 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ እየተቀበለ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ያነድዳል። የሚገባለት ውሃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጁ 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ እያወቅሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በጀት አልነበረም። ከተጣለው ብረት መካከል አሮጌ ታንከርና ፓምፕ አውጥተን፣ የሞቀውን ውሃ ሰብስበው ወደ ቦይለሩ እንዲመልሱ ገጠምን። ፓምፑ ግን ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንገጫገጭ ጀመር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፓምፑ ሲስበው ግፊቱ ይወርድና እዚያው ውስጥ ይንተከተካል። ታንከሩን ከፓምፑ 3 ሜትር ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ ጸጥ አለ።

ሙቀቱ በመንገድ እንዳይባክን ቧንቧውን በጤፍ ጭድ ጠቅልለን ጭቃ መረግነው። በሦስተኛው ቀን ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ወለል የሚያጸዱልን እናት አይተው፣ «ልጄ፣ ጭቃው መቼ ቦካና ነው?» አሉኝ። ያደግሁት በጭቃ ቤት ነው፤ ይህን እንዴት ዘነጋሁ? እርሳቸው እንዳሉት ከጭድ ጋር አቡክተን ሳምንት አቆየነው፤ ከላዩም የበርሜል ቆርቆሮ አለበስነው። እስካሁን አልረገፈም።

ትልቁ ጥፋት የእኔ ነው። በአንዱ ገንዳ ውስጥ ያለው የእንፋሎት ቧንቧ ተበስቶ ኖሯል። እንፋሎቱ ሲዘጋ ቧንቧው እየቀዘቀዘ ቀለሙን ወደ ውስጥ ሳበ፤ አንድ ጧት የቦይለሩ የውሃ መመልከቻ መስታወት ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ቦይለሩን አጥፍተን ስናጥብ ሁለት ቀን ሥራ ቆመ። ሁሉንም ቧንቧ በግፊት ሳልፈትሽ ማገናኘት አልነበረብኝም። የቸኮልኩት ያለ ወጪ የተሠራውን ነገር ቶሎ ለማሳየት ነበር።

ፈትሸንና በይደን እንደገና ጀመርን። አሁን ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ 68 ዲግሪ ደርሷል፤ የነዳጅ መዝገባችን ከቀድሞው 8 በመቶ ገደማ ቀንሶ ያሳያል። ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርድ የነበረው ቦይም ደርቋል። በየፈረቃው መጀመሪያ ተረኛው ከታንከሩ በብርጭቆ ይቀዳና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣዋል። ትንሽ ቀለም ካየ ማንንም ሳያስፈቅድ ውሃውን ወደ ውጭ ይለቅቀዋል።