ከወሊድ በኋላ የያዘኝ ድብርትና ያ የመድኃኒት ቤት መስኮት

ልጄ አሁን ትሮጣለች። እኔም ደህና ነኝ። ይህን ከፊት የማስቀድመው፣ ሌሊት ጡት እያጠባሽ በአንድ እጅሽ ስልክ ይዘሽ የምታነቢ ካለሽ ብዬ ነው። ይድናል። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ማዘዣው ቦርሳዬ ውስጥ እያለ የባከነው ጊዜ ነው።

ድብርት ማለት ማልቀስ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥ አልቅሻለሁ። እሱ የብዙ አራስ ነገር ነው። ሆርሞን በአንዴ ሲወርድ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሆድ ይብሳል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ይተዋል። የእኔም ተወኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ንዴት ነው። በር ሲንኳኳ ደሜ ይፈላል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ የሚገባውን ሁሉ ፈገግ ብዬ እቀበልና፣ በሆዴ "መቼ ነው የሚወጣው?" እላለሁ። ገንፎው አይጥመኝም። ልጅቷ ስትተኛ እኔ አልተኛም፤ ትንፋሿን ሳዳምጥ አድራለሁ። ሳያት ደግሞ የሰው ልጅ በአደራ የተቀበልኩ ይመስለኛል። እናቷ መጥታ እስክትወስዳት እንዳትጎዳብኝ እጠነቀቃለሁ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ልጄን ይዤ በረንዳው ጋ ሳልፍ ከእጄ ስትወድቅ ይታየኛል። ሳልፈልግ ነው የሚመጣብኝ። በቃ፣ በረንዳውን ተውኩት። ልብስ እንኳን ማስጣት አቆምኩ። የሚወስዱብኝ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም። ኋላ ላከመችኝ ሐኪም ስነግራት ምንም አልደነገጠችም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከጭንቀት የተነሳ ብዙ እናቶች ላይ እንደሚመጣ፣ እናትየዋን ራሷን የሚያስፈራት ሐሳብም ልታደርገው የምትፈልገው ነገር ማለት እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ቀድሜ ብሰማው ኖሮ ስንት ሌሊት በተረፈኝ።

በእኛ ባህል አራስ ብቻዋን አትተውም። ብረት ከትራሷ ስር፣ ሰው ከአጠገቧ። እኔም ዘንድ እማዬ አለች፣ አማቴ አሉ፣ ጎረቤት አለ። የበላሁት ገንፎ በማንኪያ ይቆጠራል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ጡቴ አግቶ እንደሆነ ይጠየቃል። "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ያለኝ ግን የለም። ቢጠይቁኝም "ደህና" ማለቴ አይቀርም።

እነሱን አልወቅስም። ባለሙያ አይደሉም። የምወቅሰው ልጄን ያስከተብኩበትን ጤና ጣቢያ ነው። በ45 ቀኗ ስወስዳት ነርሷ መዘነቻት፣ ከተበቻት፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ መከረችኝ፣ ቀጠሮ ጻፈችና "ቀጣይ!" አለች። ስለ እኔ አንድ ጥያቄ የለም። እኮ ይህን ድብርት የሚለይ፣ 10 ጥያቄ ብቻ ያለው መጠይቅ አለ! እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። በአማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትኗል። ለመሙላት ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከሚወልዱ ሴቶች 20 በመቶ የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት ይይዛቸዋል። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ሆነን ተጨናንቀን ነበር የተቀመጥነው። ሒሳቡን ሥሩት።

መጠይቁን የላከችልኝ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ናት። ስላለፉት 7 ቀናት ይጠይቃል። መሳቅ ችለሽ ነበር? ያለ ምክንያት ራስሽን ወቅሰሻል? ያለ በቂ ምክንያት ፈርተሻል? የመጨረሻው ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል። እሱን "በጭራሽ" ብዬ መመለስ አልቻልኩም። እኔ ባልኖር ለልጅቷ ይሻላታል የሚል ሐሳብ ይመላለስብኝ ነበር። አንቺም እዚህ ጥያቄ ላይ ከተያዝሽ ነጥብ መደመሩን ተዪው። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ቀጣዩ ቀላል ነበር። ጓደኛዬ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቀጠሮ አስያዘችልኝ። "አማኑኤል ገባች" እንዳልባል ፈርቼ ነበር፤ አገልግሎቱ ግን ሌሎች ሆስፒታሎችም ውስጥ አለ። (አማኑኤልስ ቢሆን ምን ነበረበት?) የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግርም እንዲህ ስለሚያደርግ ደም ሰጥቼ ተመረመርኩ፣ ደህና ነበር። ሐኪሟ ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ የምክር ቀጠሮም ጨመረችልኝ።

ከዚያ መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

ሰፈራችን ያለ ነው። ሰልፍ ነበር። አማቴ ልጅቷን ታቅፈው ከኋላዬ ቆመዋል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ማዘዣውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ።

"ለማን ነው?"

"ለእኔ።"

"ታጠቢያለሽ?"

"አዎ።"

"ኧረ የኔ እናት! ይሄ እኮ የአእምሮ መድኃኒት ነው።"

ድምፁን ዝቅ እንኳን አላደረገም። ከኋላ ሲያወሩ የነበሩት ዝም አሉ። "ወይ ጡቱን አስጥያት፣ ወይ መድኃኒቱን ተዪው" ብሎ ማዘዣውን መለሰልኝ። እንደማጠባ ሐኪሟ ታውቃለች አልኩት። "እነሱ ምን አለባቸው፣ መጻፍ ነው" አለኝና ቀጥሎ የቆመውን ማስተናገድ ጀመረ።

ልብ በሉ፣ አንድ ነገር አላገላበጠም። አልደወለም። የሐኪሟ ስልክ ማዘዣው ላይ ነበር። ፋርማሲስት ሲጠራጠር መጠየቁ ደግ ነው፣ ሥራውም ነው። ይሄኛው ግን አልተጠራጠረም። ፈረደ። ያውም በሰልፍ ፊት፣ አማቴ እየሰሙ።

ማታ ቤታችን ስብሰባ ተቀመጠ። አማቴ የሰሙትን ትንሽ ጨመር አድርገው ተናገሩ። "ልጄ፣ በወተትሽ ልትመርዣት ነው?" አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ ፈርተው ነው። እማዬ ደግሞ "ይሄ የዓይን ነገር ነው፣ ጸበል ትሂድ" አለች። ባለቤቴ አንዴ እኔን አንዴ እነሱን ያያል። እኔ የመከራከር አቅም አልነበረኝም። መጥፎ እናት መሆኔን የሚያረጋግጥልኝ ሰው ስፈልግ ነው የከረምኩት፤ ሰውዬው ነጭ ጋዋን ለብሶ አረጋገጠልኝ። ማዘዣውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጸበል ሄድን። አልዋሽም፣ እዚያ ስሆን ቀለል ይለኛል። ማታ ግን ያው ነኝ። እንቅልፍ የለም፣ በረንዳው አለ። ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። ልጅቷ መሳቅ የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ "ሳቀች! ሳቀች!" ሲል እኔ መሳቅ እንዳለብኝ አስታውሼ ነበር የምስቀው። ይሄን ለዚያ ሰውዬ በምን ላስከፍለው?

አንድ ሌሊት ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። አልመከረኝም፣ አብሮኝ ተቀመጠ። ሲነጋ ማዘዣውን ከቦርሳዬ አውጥቶ ሐኪሟ ጋ ደወለ።

"ያኔውኑ ለምን አልደወላችሁም?" አለችና ሁላችንንም አስጠራችን። ሰርትራሊን ለሚያጠቡ እናቶች ቀድመው ከሚመረጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው። የልጁን አጠባብና እንቅልፍ መከታተል ይበቃል። ያልታከመ የእናት ሕመም ግን ልጁንም ይጎዳል። አማቴ ጨርሰው ከሰሙ በኋላ "ታዲያ ያ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?" አሉ። እኔም እስካሁን የምጠይቀው እሱኑ ነው።

በትንሽ መጠን ጀመርኩ። መጀመሪያ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል። ይህን ያልነገሯት ሴት በሳምንቷ "አልሠራልኝም" ብላ ትተወዋለች። እኔ እንደተሻለኝ ያወቅኩት ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር በመልስ ሲጨቃጨቅ ሳቄ አመለጠኝ።

እንግዲህ ምክሬ። ሐኪምሽ ማዘዣው ላይ "ታጠባለች" ብላ እንድትጽፍ ጠይቂያት። መድኃኒቱን እዚያው ሆስፒታል ካለው መድኃኒት ቤት ግዢ፣ ውጭ የምትሄጂው ካጣሽ ብቻ ነው። "አይሆንም" የሚልሽ ካለ ከመስኮቱ ሳትርቂ ሐኪምሽ ጋ ደውይ፣ ስልኩንም አቀብይው። ሲሻልሽም በራስሽ አታቋርጪ።

ጸበልና መድኃኒትን ማንም አያጣላብሽ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል ጎን ለጎን እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። እማዬን ያሳመናት ይሄ ነው እንጂ የሐኪሟ ማብራሪያ አይመስለኝም።

የሚቀጥለውን ጤና ባለሙያዎች አይወዱልኝም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይላሉ። ለልጁ ልክ ናቸው። እኔ ግን የሌሊቱን አንድ ተራ ለባለቤቴ ሰጠሁት። አንዳንዴ ባለብኩት የጡቴ ወተት፣ ሳይበቃ ሲቀር በዱቄት ወተት። አንዴም ሳልነቃ ጥቂት ሰዓት መተኛቴ የመድኃኒቱን ያህል ጠቅሞኛል። "ልጁ ሲተኛ አብረሽ ተኚ" የሚለውን ምክር ደግሞ ለሰጪዎቹ መልሻለሁ። መተኛት ብችል ምን ሐኪም ቤት ወሰደኝ?

ለአባቶች፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን። ሦስት! የዓመት ፈቃድህን ለመጀመሪያው ሳምንት አታጥፋው፣ ያኔ ቤቱ በሰው ሙሉ ነው። ጠያቂው ሁሉ ሲሄድ ውሰደው።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ ሌላ ሕመም ደግሞ አለ። ከ1,000 ወላዶች አንድ ወይም ሁለት ላይ ይመጣል። እንቅልፍ አጥታም ድካም የማይሰማት፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ስለ ልጇ እንግዳ ነገር የምታምን፣ ንግግሯ የተዘበራረቀ አራስ ካለች ቀጠሮ አይጠበቅም፣ መንጋትም አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ። ልጁም ከእሷ ጋር ብቻውን አይተው።

አሁን ሰዉ ሁሉ "ሁለተኛውስ መቼ ነው?" ይለኛል። አንዴ የያዛት ሴት ላይ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ እንደሆነ ሐኪሟ ነግራኛለች። ስለዚህ ከሆነም ገና ስረግዝ እነግራታለሁ። መድኃኒት የምገዛበትንም ቦታ ከወዲሁ መርጫለሁ። አማቴ እንደሆኑ ከዚያ ሰፈር መድኃኒት ቤት የራስ ምታት ኪኒን እንኳን አይገዙም።